መኪናው ስለ ጎማ ሲያስጠነቅቃችሁ የውስጡን ጠርዝ በእጃችሁ ዳስሱ

የምነዳው ቴስላ ሞዴል ዋይ ነው። ሥራዬ ራይድ ነው፤ ውሎዬ ደለስ ኤርፖርት፣ ሬገን ኤርፖርትና ዋሽንግተን ዲሲ። ደለስ ተራ መጠበቂያ ሻይ በፔርሙስ ይዘን ስንቀመጥ ወሬያችን ሁለት ነው፦ የቀኑ ገቢና ጎማ። ኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አይቀየርለትም ተብለን ገዛን። እውነት ነው፣ አይቀየርለትም። ያተረፍነውን ግን ጎማ ይበላዋል።

መኪናው ሁለት ቶን ገደማ ይመዝናል። ፔዳሉን ስትነኩት ጉልበቱ በአንዴ ይመጣል። እግራችሁን ስታነሱ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። ይህን ሁሉ የሚችለው ጎማ ነው፣ በተለይ የኋላው።

ባለፈው ጥር አንድ ጠዋት ስክሪኑ ላይ የፊትና የኋላ ጎማ ጥርስ እኩል አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። ወደ አንድ ጎማ ቤት ወሰድኩት። ልጁ ከስር እንኳ ሳያይ መለኪያውን የውጪው ቦይ ውስጥ ሰካና «ምንም አልሆነም» አለኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ 395 አውራ ጎዳና ላይ፣ ፔንታጎን አካባቢ፣ ተሳፋሪ ጭኜ የኋላ ግራ ጎማ ፈነዳ። ቴስላ ስኮርታ የለውም። ሰውየው ሻንጣውን ይዞ ሌላ መኪና ጠራ፤ እኔ ዳር ቆሜ ተጎታች ጠበቅኩ። ጎማው ሲወርድ የውጪው ጥርስ ደህና ነው። የውስጡ ጠርዝ ግን ሽቦው ወጥቷል።

ሶፍትዌሩ አልዋሸም ነበር። የሚያውቀውን ነው የነገረኝ። የሚያውቀው ምን እንደሆነ ከገባችሁ ቀሪው ሥራ ቀላል ነው።

ጎማው ውስጥ ጥርስ የሚለካ ዕቃ የለም። መኪናው የሚቆጥረው ዙር ነው። ጎማ ሲያልቅ ቁመቱ ይቀንሳል፣ ቁመቱ ሲቀንስ ያው መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ይዞራል። የእኔ ጎማ መጠኑ 255/45 ባለ 19 ኢንች ነው። አዲስ ሲሆን በአንድ ማይል በግምት 719 ጊዜ ይዞራል። ጥርሱ 1.5 ሚሊሜትር ሲቀንስ 722 ይሆናል። በአንድ ማይል ሦስት ዙር! ሰው በዓይኑ አያየውም፤ ኮምፒውተሩ ግን በሺህ የሚቆጠር ማይል ሲደምረው ያገኘዋል። የመኪናው መመሪያ ራሱ የጎማዎቹ ጥርስ ልዩነት 1.5 ሚሊሜትር ሲደርስ፣ ወይም በየ6,250 ማይሉ፣ ቀድሞ በመጣው፣ የፊቱን ጎማ ከኋላው አቀያይሩ ይላል።

እንግዲህ ዙር ቆጥሮ የትኛው ጎማ እንዳጠረ ያውቃል እንጂ ያ ጎማ በየት በኩል እንደተበላ አያውቅም። እሱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

መጀመሪያ ነፋስ። ነፋሱ የጎደለ ጎማም ስለሚያጥር ነገሩን ያምታታል። ጠዋት መኪናው ሳይነዳ ለኩ። ልኩ የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተለጥፏል፤ የእኔ 42 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ነው። ብርድ ሲመጣ በየ10 ፋራናይቱ 1 ፒኤስአይ ገደማ ስለሚወርድ በመስከረም የነፋችሁትን በጥር አትመኑ።

ቀጥሎ መለካት። የጥርስ መለኪያ ጥቂት ዶላር ነው፣ ግዙት። እያንዳንዱን ጎማ ሦስት ቦታ ለኩ፦ ውጪ፣ መሃል፣ ውስጥ። አራት ጎማ፣ 12 ቁጥር። ስልካችሁ ላይ ጻፉት። የፊቱን መሪውን እስከ መጨረሻ አዙራችሁ ታዩታላችሁ። የኋላው ነው አስቸጋሪው። እኔ ስልኬን መብራቱን አብርቼ፣ ቪዲዮ ከፍቼ፣ ከጎማው ኋላ በስር አስገባዋለሁ። መኪናው ፓርክ ላይ ይሁን፣ መሬቱም ሜዳ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ግን እንዳትገቡ።

ከዚያ መዳፋችሁን ጥርሱ ላይ ወደ ውስጥም ወደ ውጪም ቀስ አድርጋችሁ ጎትቱ። በአንድ በኩል ለስልሶ በሌላው ቢላ ቢላ ካለ ጎማው ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ እየተጎተተ ነው ማለት ነው። መዳፍ ከመለኪያ ቀድሞ ያውቃል። ሽቦ ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል ግን መጀመሪያ በዓይን፣ ከዚያ በእጅ።

ቁጥሮቹን ማንበብ ብዙም አያስቸግርም። ሁለቱ ጠርዝ አልቆ መሃሉ ካለ ነፋስ ሲጎድል ኖሯል፤ መሃሉ ብቻ ካለቀ በዝቶበታል። የኋላዎቹ ሦስቱም ቦታ እኩል ሆነው ከፊቶቹ ካነሱ ጎማ ማቀያየር ይበቃል። የውስጡ ጠርዝ ብቻ ከተበላ ግን ማቀያየር በሽታውን ወደ ሌላ ጎማ ማዛወር ነው። አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫና ዝንባሌ ማስተካከል፣ ይሠራ። የዚህ መኪና የኋላ ጎማ አናቱ ትንሽ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነው፤ በዚያ ላይ አቅጣጫው ጥቂት ከተዛባ ጠርዙን እንደ ሞረድ ይፈገፍገዋል። አላይመንት ስታሠሩ የአራቱንም ጎማ በሉ፤ ከመሠራቱ በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር የያዘውን ወረቀት ሳትቀበሉ ደግሞ አትክፈሉ።

የቨርጂኒያ የመኪና ምርመራ (ኢንስፔክሽን) የሚጥለው ጥርሱ ከ2/32 ኢንች ሲያንስ ነው። መለኪያ ከሌላችሁ የአሜሪካን አንድ ሳንቲም፣ ሊንከን ያለበትን፣ በጭንቅላቱ ዘቅዝቃችሁ ቦዩ ውስጥ ክተቱት፤ አናቱ ሙሉ ከታየ አልቋል። እኔ ግን በዝናብ ሰው ስለምጭን 4/32 ላይ እቀይራለሁ።

ጎማ ቤት ስትደርሱ ክሪኩን ባትሪው ላይ እንዳያደርጉት ቆማችሁ እዩ፤ ማንሻ ነጥቦቹ አራት ናቸው፣ ከላስቲክ የተሠራ ማስደገፊያም ይፈልጋሉ። ቡሎኑ የሚጠብቀው በ129 ፓውንድ ፉት ነው። ፐርፎርማንስ ሞዴል ዋይ ባለ 21 የገዛችሁ ደግሞ የኋላ ጎማችሁ ከፊቱ ስለሚሰፋ ፊትና ኋላ ማቀያየር የለም።

አብዛኛው ሰው የሚረሳው የመጨረሻውን ነው። ጎማ ስትቀይሩ ወይም ስታቀያይሩ ለመኪናው ንገሩት። ስክሪኑ ላይ ኮንትሮልስ፣ ከዚያ ሰርቪስ ስትገቡ የጎማና የቸርኬ ቦታ አለ፤ እዚያ ያደረጋችሁትን ምረጡ። ካልነገራችሁት በድሮው ጎማ ስሌት ይቀጥላል። ነግራችሁት፣ ነፋሱም ልክ ሆኖ፣ ማስጠንቀቂያው ቶሎ ከተመለሰ ያንን የአላይመንት ወረቀት ይዛችሁ ወደ ሠራው ሰው ተመለሱ። እኔ ወረቀቱን ጓንት ማስቀመጫው ውስጥ ነው የማኖረው፣ ከሳንቲሟ ጋር።