ጠጅ ሣር ተክሎ ቢምቢን ማራቅ

ጠጅ ሣር መስኮት ሥር ስለተተከለ ብቻ ቢምቢ አይሸሽም። ቢምቢን የሚያርቀው፣ ሲትራል የተባለ የሎሚ ሽታ ያለው ንጥረ ነገር የበዛበት ዘይት ያለው ቅጠሉ ውስጥ ነው፤ ቅጠሉ ካልታሸ ወይም ካልተቀጠቀጠ ዘይቱ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ለጌጥ አንድ እግር ከመትከል ደጋግመው የሚያጭዱት ሦስት አራት እግር ይሻላል።

ዘር አያስፈልግም። ካደገ ተክል ላይ ሥር ያለውን አገዳ ገንጥላችሁ ትከሉ። ሥር የሌለው ከሆነ፣ ነጩና ወፈር ያለው ታችኛው ጫፉ ያልተቆረጠ መሆኑን እዩ። ቅጠሉን ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ አታስቀሩ፤ ሥር ሳይኖረው ብዙ ቅጠል የተሸከመ አገዳ ይጠወልጋል። ታችኛውን 3 ሳንቲ ሜትር ውኃ ውስጥ አቁሙና ውኃውን በየ2 ቀኑ ቀይሩ፣ አለዚያ ይበሰብሳል። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ያወጣል፤ ሥሩ 5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ወደ አፈር ይዛወር።

ቦታው በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያግኝ። ጥላ ውስጥ ቅጠሉ ይሳሳል፣ ሽታውም ይደክማል። በተክሎች መካከል ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ተዉ። በዕቃ ከሆነ ስፋቱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ታቹም የተበሳ ይሁን። የላይኛው አፈር ሲደርቅ ብቻ አጠጡ። አፈሩ ረጥቦ ሳለ ቅጠሉ ቢጫ ካለ ውኃ በዝቶበታል፤ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጠምቶታል። ዝገት መሳይ ነጠብጣብ የፈንገስ በሽታ ነው፦ የታመመውን ቆርጣችሁ አስወግዱ፣ ውኃውንም ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ አፍስሱ። ውርጭ ይገድለዋል።

ከ4 ወር ገደማ በኋላ፣ ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ እጨዱ። የቅጠሉ ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሆነ ጓንት አይረሳ።

ማታ ውጭ ስትቀመጡ 5 ወይም 6 ቅጠል በድንጋይ ቀጥቅጣችሁ አጠገባችሁ አኑሩ። ሽታው ቶሎ ይተናል፤ ሲደክም በአዲስ ተኩ። ቆዳ ላይ ለማሸት ካሰባችሁ መጀመሪያ ክንዳችሁ ላይ ትንሽ ሞክሩና 24 ሰዓት ጠብቁ። በጠርሙስ የሚሸጠው ንጹሕ ዘይት ግን ሳይበረዝ ቆዳ አይነካም። ወባ ባለበት አካባቢ ይህ ሁሉ አጎበርን አይተካም።

ለማቆየት በጥላ አንጠልጥላችሁ አድርቁት፤ ፀሐይ ዘይቱን ያተንነዋል። የደረቀውን አስቀድማችሁ አትከትክቱ፣ ስትፈልጉት ብቻ ሰባብሩት።