ስለ እምነታችሁ ልትናገሩ ስትሉ

ስለ እምነታችሁ ለሰው ልትናገሩ ስትሉ አፋችሁ ይተሳሰራል? ንግግር ሸምድዳችሁ አትሂዱ። በልባችሁ አጭር ጸሎት አድርሱ፤ «መንፈስ ቅዱስ ሆይ፣ ምራኝ» ማለት ይበቃል። ከዚያ መጀመሪያ ጠይቁ፣ አዳምጡ።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ፊልጶስን ተመልከቱ። ወደ ሠረገላው እንዲቀርብ የነገረው መንፈስ ነው። እሱ ግን ስብከት አልጀመረም፤ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የሚያነበው የነቢዩ ኢሳይያስ መጽሐፍ ይገባው እንደሆነ ጠየቀው። ከዚያም ሰውየው ከሚያነበው ከዚያው ክፍል ተነስቶ ስለ ኢየሱስ ነገረው። እንዴት ደስ ይላል!

በመንፈስ መመራት ግን ሳይዘጋጁ መሄድ አይደለም። ፊልጶስ ኢሳይያስን ባያውቅ ኖሮ ምን ይመልስ ነበር? ቃሉን በየዕለቱ አንብቡ። የማታውቁት ጥያቄ ከመጣ «አንብቤ እነግርሃለሁ» በሉ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሰውየው መስማት ካልፈለገም አትጫኑት፣ ጸልዩለት።