ንብ በቤት ግድግዳ ውስጥ ሲሰፍር

አደይ አበባ በሚፈነዳበት በመስከረምና በጥቅምት ተከፍለው የሚወጡ የንብ መንጋዎች አንዳንድ ጊዜ በተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ ወይም በኮርኒስ ጠርዝ ገብተው ይሰፍራሉ። ገና ብዙ የማር እንጀራ ስላልሠሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማስወጣቱ ይቀላል፤ በኋላ እግራቸው ላይ ቢጫ የአበባ ብናኝ ይዘው ሲገቡ ከታዩ ግን እጭ ማሳደግ ሳይጀምሩ አይቀሩምና ሳይውል ሳያድር ንብ አናቢ መጥራት ይገባል።

ብዙዎች የሚቸኩሉት ቀዳዳውን በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ለመድፈን ነው፤ ይህ በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው መፍትሔ ነው፤ መውጫ ያጡት ንቦች ሌላ ስንጥቅ ፈልገው ወደ መኝታ ቤት ሊገቡ ይችላሉና። ፀረ-ተባይ መርጨትም ንቦቹን ይገድል ይሆናል እንጂ እንጀራውን ከግድግዳው አያወጣም፤ በክንፉ የሚያቀዘቅዘው ንብ ያጣ እንጀራ በሙቀት ይለሰልስና ማሩ እየፈሰሰ ልስኑን ያረጥባል፣ ጉንዳን ይጠራል፣ የተመረዘውንም ማር የጎረቤት ንቦች ሊዘርፉት ይችላሉ።

አናቢው አመሻሽ ላይ በጭስ አረጋግቶ ግድግዳውን ይከፍትና እንጀራውን ከነእጩ ቆርጦ፣ ከተቻለም ንግሥቲቱን ጨምሮ፣ ወደ ቀፎ ያዛውራል። የቀረው ሰም በደንብ ካልተፋቀ ሽታው በቀጣዩ ዓመት ሌላ መንጋ ይስባል፤ ስለዚህ መድፈን የሚገባው አፉን ብቻ ሳይሆን ውስጡን ባዶ ቦታ ጭምር ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሕፃናት ከአካባቢው ይራቁ፤ የታሰረ ከብትም መሸሽ ስለማይችል ቀድሞ ይፈታ።