ሻይን ከዘር ሳይሆን ከቁራጭ ማራባት

የወደዳችሁት የሻይ ተክል ካለ ዘሩን አትልቀሙ። ሻይ በራሱ ብናኝ እምብዛም አያፈራም፤ ከሌላ ተክል ጋር ይዳቀላል። ስለዚህ ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም። እኔ ከዘር ካበቀልኳቸው አንዱ ቅጠለ ሰፊ፣ ሌላው ቀጫጫ ሆኖ አረፈው።

ቁራጭ ውሰዱ። የቅርንጫፉ ጫፍ ለጋ ስለሆነ ይበሰብሳል፣ ከታች ያለው ቡናማ እንጨት ደግሞ ሥር ለማውጣት ይለግማል። መሃሉን፣ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ ጠንከር ያለውን ፈልጉ። አንድ ጤነኛ ቅጠል፣ በብብቱ (ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት) ያለች እንቡጥ፣ ከእሷ በታች ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ግንድ። በስለታም ምላጭ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። እንቡጧ ከተጎዳች በቃ፣ ጣሉት።

ጉዱ ያለው አፈሩ ላይ ነው። መጀመሪያ «ይመቸው» ብዬ ኮምፖስት ሞላሁበት። ከሁለት ወር በኋላ ስነቅለው ጫፉ ላይ ነጭ እብጠት ብቻ! ሥር የሚባል የለም። ፒኤቹ (የአፈሩን አሲዳማነት የሚያሳየው ቁጥር፤ ዝቅ ሲል አሲዱ ይበዛል) ከፍ ሲል እንዲህ ያደርጋል። አሁን ከላይኛው አፈር ሥር ተቆፍሮ የሚወጣውን፣ ፒኤቹ ከ4.5 እስከ 5.5 የሆነውን ነው የምጠቀመው። ማዳበሪያ የለም።

ቅጠሉ አፈር እንዳይነካ አድርጋችሁ ትከሉ፣ አጠጡ፣ በላስቲክ ሸፍኑ፣ ጥላ ሥር አኑሩት። ሥር እስኪይዝ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። በየሳምንቱ እየነቀላችሁ አትዩ፤ እኔ ስንቱን በዚህ ፈጅቻለሁ።