«ሞቅ ያለ ቦታ ፈልግልኝ» ለሚል ደንበኛ ማሽን እንዴት ይሠለጥናል?

አክስቴ አነስተኛ የጉዞ ወኪል ቢሮ አላት። እኔ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ቦት ሠራሁላት፤ ደንበኛው የፈለገውን በአማርኛ ይጽፋል፣ ቦቱ ሦስት ቦታ ያቀርብለታል። የመጀመሪያው ደንበኛ የጻፈው «ለሁለት ቀን ሞቅ ያለ ቦታ» ብቻ ነበር። ሞዴሌ (ከምሳሌዎች የሚማረው የቦቱ ፕሮግራም) ቆላ ቆላውን አወጣለት፤ አዋሽን፣ አርባ ምንጭን። ልጁ የፈለገው ግን ሙዚቃና ሰው ነበር። ለአክስቴ ሳሳያት «ከማን ጋር እንደሆነ ጠየቅከው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሁሉ ይህቺን ጥያቄ ለማሽን ማስተማር ነው።

እናንተም ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ ከድሮ መልእክቶች ጀምሩ። ስምና ስልክ ቁጥር መጀመሪያ አጥፉ። ለመነሻ 400 ያህል ይበቃል። በእያንዳንዱ ላይ በእጃችሁ ሌብል (መለያ ምልክት) አድርጉ፦ ከማን ጋር፣ መቼ፣ ስንት ቀን፣ በስንት ብር፣ በአውሮፕላን ወይስ በመኪና፣ ምን ዓይነት ድባብ። ይህን ሥራ ስልክ ሲያነሳ ከኖረ ሰው ጋር ሥሩት። እኔ «ውሃ ያለበት» የሚለውን በሙሉ ሐይቅ ብዬ መድቤ ነበር። አክስቴ ሳቀች። «ንጹሕ አልጋ፣ ውሃ ያለበት» ያለ ሰው ቧንቧው የማይደርቅ ሆቴል ነው የፈለገው፤ «ልጆቹ ውሃ ያለበት ይወዳሉ» ያለው ግን ሐይቅ ወይም መዋኛ። ሞዴሉ ልዩነቱን ከዙሪያው ቃላት እንዲማር ሁለቱም ዓይነት በብዛት ሊያየው ይገባል። «ቀዝቀዝ ያለ»ም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ደጋ ማለቱ ነው፣ ሌላው ጫጫታ የሌለበት።

ቀጥሎ ፊደል። ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ወደ አንድ አምጧቸው፤ ደንበኛ እንደመጣለት ነው የሚጽፈው። «አዋሳ» እና «ሀዋሳ»፣ «ናዝሬት» እና «አዳማ»፣ «ደብረ ዘይት» እና «ቢሾፍቱ» ግን በፊደል ማስተካከል አይገናኙም፤ የስም ሠንጠረዥ ሥሩላቸው። እዚህ ላይ እኔ የሠራሁትን ስህተት አትድገሙ። ቃሉን ለማቅለል ብዬ «ከ» እና «ለ»ን ከፊቱ ቆርጬ ጣልኳቸው። «ከሀዋሳ ትኬት» ያለችው ሴትዮ ወደ ሀዋሳ የሚሄድ በረራ ቀረበላት። እሷ ያለችው እዚያው ሀዋሳ ነው።

ቀን መቁጠርን ለሞዴሉ አትተዉት፤ ተራ ኮድ ይበቃዋል። ጥምቀት ጥር 11፣ ገና ታኅሣሥ 29 (በዘመነ ዮሐንስ 28)። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ «ለገብርኤል ሁለት ሰው» ብሎ የጻፈ ሰው የቦታ ስም አልጠራም፤ አክስቴ ግን ቁልቢ መሆኑን ሳትጠይቅ ታውቃለች፣ ቀኑ 19 መሆኑንም፣ በአውሮፕላን ከሆነ ትኬቱ የድሬዳዋ እንደሆነም። ስለዚህ መልእክቱ የተላከበትን ቀን ከጽሑፉ ጋር አብራችሁ ለሞዴሉ ስጡት። ሐምሌ ላይም ያው ጥያቄ ይመጣል። ሰዓት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፦ «ጠዋት 2 ሰዓት» በትኬቱ ላይ 8:00 ነው፤ ከዋሽንግተን የሚጽፍልን ሰው «10 ሰዓት» ሲል ግን በየትኛው እንደሚቆጥር መጠየቅ ነው እንጂ መገመት አያዋጣም።

ሞዴል ስትመርጡ ስሙ አያታልላችሁ። «ብዙ ቋንቋ ያውቃል» የሚባለው ኤምበርት (mBERT) አማርኛን አልተማረም፤ የኛን ፊደል ሲያይ «ያልታወቀ» ብሎ ያልፈዋል፣ ሁሉም ዓረፍተ ነገር አንድ ይሆንበታል። ኤክስኤልኤም-አር (XLM-R) እና ላብሴ (LaBSE) አማርኛ አላቸው። ከሁሉ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ስጡትና ቃላቱን እንዴት እንደሚቆራርሳቸው ተመልከቱ፤ አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

እኔ የተጠቀምኩት ላብሴን ነው። የደንበኛውን መልእክት ወደ ቬክተር (ትርጉሙን የሚወክል የቁጥሮች ዝርዝር) ይለውጠዋል፣ የቦታዎቹንም መግለጫ እንዲሁ፤ የሚቀራረቡት ከላይ ይወጣሉ። መግለጫውን ግን ከብሮሹር አትቅዱ። «ማራኪ መልክዓ ምድር» የማይባልበት ቦታ የለምና ማሽኑ ምንም አይለይበትም። እኛ ለላንጋኖ የጻፍነው «ውሃው ቡናማ ነው፣ ግን ይዋኙበታል» የሚል ነው። ለወንጪ ደግሞ «ብርድ አለው፣ ቁልቁለት አለው፣ ፈረስ ይገኛል፣ ጉልበቱን ለሚያመው ይከብዳል»።

ቬክተር ብር አያውቅም፣ ኪሎ ሜትርም አያውቅም። «ለአንድ ቀን ደርሶ መልስ» ለሚል የአዲስ አበባ ሰው 275 ኪሎ ሜትር የሚርቀውን ሀዋሳን ማቅረብ ቀልድ ነው። በጀት፣ ርቀትና የመንገድ ሁኔታ ከቬክተሩ በፊት የሚያጣሩ ጥብቅ ደንቦች ይሁኑ። የመንገዱን ዝርዝር አክስቴ በየጠዋቱ ሾፌሮች ጋ እየደወለች ታድሳለች፤ ሞዴሉ ዝግ የተባለውን የመክፈት መብት የለውም።

አሁን ወደ አክስቴ ጥያቄ። ሞዴሉ ለእያንዳንዱ ትርጉም ትክክል የመሆን ዕድሉን በቁጥር ይሰጣል። ሁለቱ የላይኞቹ ከተቀራረቡ ቦቱ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ። የትኛውን? መልሱ ሲመጣ የቀሩትን አማራጮች ይበልጥ የሚያጠበውን፤ ባለሙያዎቹ በኢንትሮፒ (የጥርጣሬ መጠን መለኪያ) ያሰሉታል። «ሞቅ ያለ» ሲመጣ ሁሌም የሚያሸንፈው «ከማን ጋር?» ነው። መልሱን በቁልፍ አድርጉት፦ ቤተሰብ፣ ጓደኞች፣ ብቻዬን። ሁለተኛ ጥያቄ አትጨምሩ፤ ሰው ወዲያው ትቶ ይሄዳል።

ስትፈትኑት መልእክቶቹን በዘፈቀደ አትክፈሏቸው። የበዓል መልእክት ተመሳሳይ ስለሆነ ሞዴሉ ፈተናውን ቀድሞ ያየው ይሆናል። ባምናው አስተምሩ፣ በዘንድሮው ፈትኑ። ደንበኛው ከሦስቱ አንዱን መረጠ ወይ ብላችሁ ቁጠሩ፤ የመጀመሪያው መጀመሪያ ስለሆነ ብቻ ስለሚነካ አልፎ አልፎ ቅደም ተከተሉን በውዙት።

የሁሉም ትርጉም ዕድል በጣም ዝቅ ያለበት መልእክት በቀጥታ ወደ አክስቴ ስልክ ይሄዳል። ባለፈው አንዱ «እናቴን ደስ የሚላት ቦታ» ብሎ ጻፈ። ቦቱ «ምን ትወዳለች?» ቢለው «ሰርፕራይዝ ነው፣ እኔም አላውቅም» አለ። አክስቴ ደወለችለት። «ጉልበቷ እንዴት ነው?» ስትል ሰማኋት፤ ያንን ቁልፍ እስካሁን አልጨመርኩም።