ቡችላን ከኬጅ ማላመድ፦ በሩ የሚዘጋው መጨረሻ ላይ ነው

ቡችላ ኬጅ (በር ያለው የሽቦ ማደሪያውን) የሚጠላው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ተገፍቶ ገብቶ በሩ ስለተዘጋበት ነው። በኋላ የሚመጣው ጩኸትና በር መቧጨር የዚያች ቀን ዕዳ ነው።

መጀመሪያ ልኩ ይስተካከል። ቡችላው ውስጡ አንገቱን ሳይደፋ መቆም፣ መዞር፣ እግሩን ዘርግቶ በጎኑ መተኛት ከቻለ በቂ ነው። ውሻ በተኛበት መሽናት አይወድም፤ ቦታው ከሰፋው ግን አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን መጸዳጃ ያደርገዋል። ትልቅ የሚሆን ዝርያ ከሆነ ለአዋቂ ውሻ የሚበቃውን ገዝቶ በመከፋፈያ ማጥበብ፣ ሲያድግ መከፋፈያውን ወደ ኋላ መግፋት ያዋጣል። ኬጁ ሰው የሚውልበት ክፍል ውስጥ ይቀመጥ፣ ፀሐይ ግን አይምታው። ቡችላው በገባ ቁጥር የአንገት ማሰሪያውን ያውልቁለት፤ ሽቦ ላይ ተሰክቶ ሊያንቀው ይችላል። እዚህ ላይ «ለዛሬ ብቻ» አይሠራም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሩ ተከፍቶ በገመድ ይታሰር። ተወዛውዞ ጀርባውን ቢመታው የቀናት ልፋት ገደል ይገባል። ቁራሽ ምግብ መጀመሪያ ደፉ ላይ፣ ቀጥሎ መሐል፣ ከዚያ ጥጉ ድረስ ያስቀምጡ። የኋላ እግሮቹን ውጭ ተክሎ አንገቱን አስረዝሞ የሚለቅም ቡችላ ገና አላመነም፤ አይግፉት። አራቱም እግሮች በራሳቸው ፈቃድ ደፉን ሲሻገሩ የዕለት ምግቡን ውስጥ መስጠት ይጀምሩ።

በሩ የሚዘጋው እየበላ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ሳህኑን ጨርሶ ቀና ከማለቱ በፊት ይክፈቱለት። በሚቀጥሉት ምግቦች ከበላ በኋላ 1 ደቂቃ፣ 3፣ 5፣ እስከ 10 ያድርሱት። ካለቃቀሰ ቸኩለዋል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ በግማሽ ይቀንሱ። 10 ደቂቃ በሰላም ከቆየ ከክፍሉ ወጣ እያሉ ይመለሱ፤ 30 ደቂቃ ብቻውን ሲረጋጋ ለአጭር ጊዜ ከቤት መውጣት ይቻላል።

ለቀን ቆይታ የተለመደው ስሌት ዕድሜው በወር ሲደመር 1 ነው፦ የ2 ወር ቡችላ ቢበዛ 3 ሰዓት። ይህ ጣሪያ እንጂ ዒላማ አይደለም። ነቅቶ በሚውልበት ሰዓት በየ1 ሰዓቱ፣ እንዲሁም ከእንቅልፍ፣ ከምግብና ከጨዋታ በኋላ ወዲያው ማውጣት ይሻላል።

ማታ ኬጁ ከአልጋዎ አጠገብ ይሁን። ብዙው የሌሊት ለቅሶ ከእናቱና ከወንድሞቹ የተለየ ቡችላ ብቸኝነት ስለሆነ ትንፋሽዎን መስማቱ ብቻ ይረዳዋል። የ2 ወር ቡችላ ሌሊት አንዴ ወይም ሁለቴ መውጣቱ አይቀርም። በማሰሪያ ይዘው ያውጡት፤ ጨዋታም ወሬም አይኑር፤ ሸንቶ ይመለስ። ሌሊት ጨዋታ ያገኘ ቡችላ በማግስቱም በዚያው ሰዓት ይቀሰቅስዎታል።

«ሲያለቅስ አይክፈቱ» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው። ከሸና ከቆየ፣ ወይም ተኝቶ ድንገት ነቅቶ ካለቀሰ፣ ሽንት ይዞታልና ያውጡት፤ ችላ ከተባለ በመኝታው መሽናት ይለምዳል። አሁን ሸንቶ ገብቶ ከሆነ ግን ትንፋሹን ለመሰብሰብ ዝም የሚልባትን ጥቂት ሰከንድ ጠብቀው ይክፈቱ፤ በሩን የሚከፍተው ዝምታው መሆኑን ይማራል። ለሃጩን እያዝረበረበ ሽቦ የሚነክስ፣ ጥፍሩ እስኪሰበር የሚቧጭር ቡችላ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያ ድንጋጤ ነውና በትዕግሥት አይታለፍም። ማሠልጠኑን አቁመው የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ።

ኬጁ ውስጥ ከሸና የሽንት ጠረን የሚያጠፋ ኢንዛይም ባለው ማጽጃ ይጠቡት። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ሽታው ከሽንት ስለሚመሳሰል እዚያው እንዲደግም ይጋብዘዋል። ልኩም ሰዓቱም ተስተካክሎ መሽናቱ ከቀጠለ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና ይመርመር። ኬጁ ውስጥ የተነጠፈለትን ምንጣፍ የሚያኝክ ከሆነ ምንጣፉን ያውጡት፤ የተዋጠ ጨርቅ አንጀት ይዘጋል። በምትኩ ምግብ የሚሞላ ጠንካራ የጎማ መጫወቻ ይስጡት፤ እሱም ኬጁ ውስጥ ብቻ የሚገኝ ይሁን፣ ሲወጣ ይወሰድ።