መድኃኒት የሚሆን ፕሮቲን በዕፅዋት ለማምረት፦ ለጀማሪ ተመራማሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

በአራት ኪሎው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የዕፅዋት ባዮቴክኖሎጂ የሚያጠኑ ወጣቶች መድኃኒት የሚሆን ፕሮቲን በተክል ለማምረት ሲያቅዱ ብዙውን ጊዜ ከዘረመሉ ይጀምራሉ። እኔ ግን አስቀድመው ተክሉን ይምረጡ እላለሁ፤ ወጪውም፣ የማጣራቱ ሥራም፣ የፈቃዱ ጉዳይም የሚወሰነው በዚሁ ምርጫ ነውና።

ሰው የሚመገበውን ሰብል አይምረጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት፣ ለመድኃኒት ፕሮቲን ተብሎ ባለፈው ዓመት ከተዘራ ዘረመሉ የተለወጠ በቆሎ የረገፈው ዘር በአኩሪ አተር ማሳ ውስጥ በቅሎ በመገኘቱ፣ 500,000 ቡሽል (የእህል መስፈሪያ) ያህል አኩሪ አተር ለገበያ እንዳይቀርብ ታግዷል። የጤፍና የቡና መገኛ በሆነች አገር የምንሠራ ሰዎች ይህን ቸል ልንል አይገባም።

አስተማማኝ የሆኑት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በዝግ ጋን ውስጥ የሚባዛ፣ ካሮት ቢሆንም ማሳ ላይ የማይዘራ የካሮት ሕዋስ ሲሆን፣ ጎሼር ለተባለው የዘር በሽታ የሚሰጠውና እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የጸደቀው ታሊግሉሰሬዝ አልፋ የተገኘው በዚህ ዘዴ ነው። በዚህ መድኃኒት የተክሉ ጠባይ ራሱ ጠቅሟል፤ ሕዋሱ ፕሮቲኑን ቫክዩል ወደተባለው የሕዋሱ ማከማቻ ከረጢት ሲልከው በፕሮቲኑ ላይ የተያያዘው የስኳር ሰንሰለት ጫፍ ማኖዝ በተባለ ስኳር ያበቃል፣ መድኃኒቱን መውሰድ ያለባቸው ማክሮፋጆች የተባሉ የሰውነት መከላከያ ሕዋሶችም ፕሮቲኑን የሚይዙት በዚሁ ማኖዝ ነው። በእንስሳት ሕዋስ ሲመረት ግን ሰንሰለቱን በኢንዛይም መከርከም ያስፈልጋል። ሁለተኛው መንገድ የትምባሆ ዘመድ የሆነው ኒኮቲያና ቤንታሚያና ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ለኢቦላ ሕሙማን የተሰጠው ዚማፕ የተባለ የፀረ እንግዳ አካላት ድብልቅ በዚህ ተክል ተመርቷል። ለጀማሪ የምመክረው ይህንኑ ነው።

የአዲስ አበባ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ተክሉን ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠበቅ ዝግ ክፍል ያሳድጉ። ዘረመሉን ተክሉ በሚያዘወትራቸው ኮዶኖች (ባለሦስት ፊደል የዘረመል ቃላት) ያስጽፉ፣ 35ኤስ ፕሮሞተር ከተባለው ዘረመሉን ሥራ ከሚያስጀምር ቁራጭ ጋር አያይዘው ዘረመልን ወደ ተክል ወደሚያሸጋግረው ባክቴሪያ ወደ አግሮባክቴሪየም ያስገቡ፤ ተክሉ የገባውን ዘረመል ዝም እንዳያሰኘውም ፒ19 የተባለውን ፕሮቲን የሚሠራ ዘረመል ያክሉበት። ከዚያም አራት ወይም አምስት ሳምንት የሆነውን ተክል ቅጠል መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ባክቴሪያውን ይሙሉት፤ ምርቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ሰባት ባሉት ቀናት ይደርሳል።

ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ ያለው ሰዓት ወሳኝ ነው። የተክሉ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች ወዲያው ሥራ ስለሚጀምሩ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር በረዶና መጠባበቂያ ኃይል ሳያዘጋጁ ቅጠል አይቁረጡ። ከተፈጨው ቅጠል የሚወጣውን ጭማቂ መጠነኛ አሲድ ማድረግ ሩቢስኮ የተባለውን ዋና የቅጠል ፕሮቲን አብዛኛውን ያዘቅጠዋል። የምርቱን መጠን ኤሊሳ በተባለው፣ ማንነቱን ዌስተርን ብሎት በተባለው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ያረጋግጡ፤ የስኳር ሰንሰለቱንም ያስመርምሩ፣ በሰው ፕሮቲን የዚህ ዓይነት ሰንሰለት ላይ የማይገኝ ዛይሎዝ የተባለ ስኳር ሊኖርበት ይችላልና።

ዘሩን ከማስመጣትዎ በፊት የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001ን ከማሻሻያው ከቁጥር 896/2007 ጋር ያንብቡ፤ ፈቃዱንም ከአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ይጠይቁ። ሥራው ሲያልቅ የተረፈው ቅጠል፣ አፈርና ፈሳሽ ሁሉ ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት በአውቶክሌቭ (በግፊት በታመቀ እንፋሎት የሚያመክን ዕቃ) በ121 ዲግሪ ይቀቀል።